ጥርስ ሕክምና በሜሪላንድ፦ ማን ይሸፈናል? ከየት ይጀመራል? እዚህስ እንዴት ተደረሰ?

ሜሪላንድ ውስጥ የሜዲኬይድ ካርድ ይዞ ጥርሱን በኪሱ ገንዘብ የሚያስነቅል ሰው ዛሬም አለ። ድሮ ሲጠይቅ «አዋቂ አይሸፈንም» ተብሏል፤ ከዚያ ወዲህ መልሶ አልጠየቀም። መልሱ ግን ተቀይሯል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሙሉ የሜዲኬይድ ሽፋን ያለው አዋቂ ሁሉ የጥርስ ሕክምናም ተካቶለታል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ የአበሻ መናኸሪያ ስለሆኑ ጉዳዩ ብዙዎቻችሁን ይነካል። እዚያ ባትኖሩም እህት፣ ወንድም ወይ አክስት አይጠፋችሁም። ስለዚህ ሥርዓቱ እንዴት እንደመጣ፣ ማን ምን እንደሚያገኝ፣ ካርድ የሌለው ምን ማድረግ እንደሚችል እና የጥርስ ሕመም መቼ ለሕይወት እንደሚያሰጋ አንድ ላይ አስቀምጠነዋል። ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ሁሉንም የቀየረው ልጅ

ዲያሞንቴ ድራይቨር ይባላል። የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ልጅ ነው፤ ዕድሜው 12። ጃንዋሪ 2007 ላይ ትምህርት ቤት ውሎ ሲመለስ «ራሴን አመመኝ» አለ። ሆስፒታል ተወሰደና ለራስ ምታቱ፣ ለሳይነሱና ለጥርሱ መድኃኒት ተሰጥቶት ተመለሰ። በማግስቱ ባሰበት። ሲመረመር ከተበላሸ ጥርሱ የተነሳው ኢንፌክሽን አንጎሉ ደርሷል። አንጎሉን ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ሳምንታትን ሆስፒታል አሳለፈ፣ የተሻለውም መስሎ ነበር። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2007 አረፈ።

ለሕክምናው የወጣው ወጪ ወደ 250,000 ዶላር ይጠጋል ተብሎ ተገመተ። ያቺን ጥርስ በጊዜ ማስነቀል ደግሞ 80 ዶላር ገደማ ነበር። ጋዜጦች ይህችን 80 ዶላር እየደጋገሙ ጻፏት፤ አሜሪካ ውስጥ ስለ ጥርስ ሕክምና ሲወራ እስከ ዛሬ ትነሳለች።

ሰው ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እናቱ የት ነበረች?» ብሎ ነው። እናቱ የታናሽ ወንድሙን ጥርስ ለማሳከም እየተሯሯጠች ነበር። ስድስት ጥርሱ ተበላሽቶ የሚያሠቃየው እሱ ነው፤ ዲያሞንቴ ስለ ጥርሱ ብዙም አላማረረም። ለታናሹ ሜዲኬይድ የሚቀበል ሐኪም ለማግኘት እናትየው ብቻዋን አልቻለችም፤ ጠበቃና ሶሻል ወርከር ጭምር ተጨምረው በደርዘን የሚቆጠር ስልክ ደውለዋል። በዚህ መሃል የቤተሰቡ ሜዲኬይድ ተቋረጠ። ቤት አጥተው መጠለያ ገብተው ስለነበር፣ የእድሳቱ ወረቀት ከለቀቁት መጠለያ ሄዶ ሳይቀር እንዳልቀረ ነው የተነገረው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አድራሻ ቀይራችሁ ለሜዲኬይድ ያላሳወቃችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አሳውቁ። ሽፋኑ በየጊዜው ይታደሳል፣ ማሳሰቢያው በፖስታ ይመጣል፣ መልስ ካልሰጣችሁ ይቆረጣል። ቤዝመንት ለቃችሁ ወደ አፓርታማ ስትገቡ ይህን ማን ያስታውሳል? ግን ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን ላይ ባለው አካውንታችሁ ከስልካችሁ ሆናችሁ የምትጨርሱት ነገር ነው።

በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ኮሌጅ አገር

ሜሪላንድ የጥርስ ሐኪም የጠፋባት ስቴት አልነበረችም። በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ የተመሠረተው እዚያው ባልቲሞር ውስጥ፣ በ1840 ነው፤ ዛሬም የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ትምህርት ቤት ሆኖ ይሠራል። ልጁ በሞተበት ጊዜ ስቴቱ ውስጥ 5,500 ያህል የጥርስ ሐኪሞች ነበሩ። ሜዲኬይድ የሚቀበሉት ግን 900 ገደማ ብቻ ናቸው። በ2005 ሜዲኬይድ ውስጥ ካሉት ልጆች መካከል ከሦስት አንዱ እንኳ ጥርስ ሐኪም አላየም።

ለምን አይቀበሉም? ሐኪሞቹን ክፉ አድርጎ መሳል ቀላል ነው፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም። ስቴቱ ለአንድ ሕክምና የሚከፍለው ከገበያው ዋጋ በጣም ያነሰ ነበር። በዚያ ላይ የልጆቹን ጥርስ የሚያስተዳድሩት የተለያዩ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ስለነበሩ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ከሁሉም ጋር የየራሳቸውን ፎርም መሙላት ነበረበት። ትርፍ የለውም፣ ወረቀቱ ብዙ ነው፤ «አንቀበልም» ማለት ይቀላል።

ከልጁ ሞት በኋላ ጉዳዩ ኮንግረስ ደረሰ። የባልቲሞሩ እንደራሴ ኢላይጃ ከሚንግስ አልለቅም ብለው ያዙት። በስቴቱ በኩል የጤና ኃላፊው ጆን ኮልመርስ በዚያው ዓመት አንድ ኮሚቴ ሰበሰቡ፤ ኮሚቴው በወራት ውስጥ ሰባት ምክረ ሐሳቦች ይዞ መጣ። አብዛኞቹም ተፈጻሚ ሆኑ። የልጆቹ የጥርስ ሽፋን ከየድርጅቶቹ ወጥቶ በአንድ አስተዳዳሪ ሥር እንዲሆን ተደረገ፤ በ2009 «ሜሪላንድ ሄልዚ ስማይልስ» ተብሎ ሥራ ጀመረ። ለሐኪሞች የሚከፈለው ዋጋ ከፍ አለ። ጥርስ የሚያጥቡ ባለሙያዎች (ሃይጂኒስቶች) ሐኪም አጠገባቸው ሳይቆም ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው እንዲሠሩ ተፈቀደ። የሕፃናት ሐኪሞችም ሥልጠና ወስደው ለክትባት የመጣን ሕፃን ጥርስ ፍሎራይድ ቢቀቡ ይከፈላቸው ጀመር።

የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኛን ግን በደንብ የሚጠቅመን እሱ ነው። ልጁን ጥርስ ሐኪም ጋ የማይወስድ ወላጅ ለክትባት መውሰዱ አይቀርም። ሰው የሚመጣበትን በር አይተው እዚያ ቆሙ ማለት ነው።

ውጤቱ በዓመታት ውስጥ ታየ። ሜዲኬይድ ካላቸው ልጆች ጥርስ ሐኪም የሚያዩት ከግማሽ በላይ ሆኑ። በ2010 ፒው የተባለው የጥናት ተቋም ስቴቶችን በልጆች ጥርስ ጤና ሲያወዳድር ለሜሪላንድ ኤ ሰጣት። በዚያ ዓመት ኤ ያገኙት ስድስት ስቴቶች ብቻ ናቸው።

አዋቂውስ?

አዋቂው ብዙ ጠበቀ። የፌዴራል ሕግ ስቴቶች በሜዲኬይድ ሥር ያሉትን ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጥርስ እንዲሸፍኑ ያስገድዳል፤ የአዋቂውን ግን ለየስቴቱ ፈቃድ ትቶታል። ለዚህ ነው ቨርጂኒያ ያለው ዘመዳችሁ የሚነግራችሁና ሜሪላንድ ያለው የሚነግራችሁ የማይገጥመው። ሜሪላንድ በ2019 ሜዲኬርም ሜዲኬይድም ላላቸው ከ21 እስከ 64 ዓመት ለሆኑ ሰዎች በዓመት እስከ 800 ዶላር የሚሸፍን ሙከራ ጀመረች። 800 ዶላር አንድ የሥር ሕክምና እንኳ ላይጨርስ ይችላል። ሙሉው ሽፋን የመጣው በ2023 ነው።

አሁን ምርመራ፣ ራጅ፣ ጥርስ ማሳጠብ፣ ማስሞላት፣ የሥር ሕክምና (ሩት ካናል)፣ የድድ ሕክምናና ማስነቀል ተካተዋል። ብሬስ ለአዋቂ የለም። ከበድ ላሉት ሥራዎች ሐኪሙ ቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ሊኖርበት ስለሚችል ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት «ይሄ ተፈቅዷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላው ችግር፣ ካርድ መኖሩ ቀጠሮ ማግኘት ማለት አይደለም። በተለይ ከዋሽንግተንና ከባልቲሞር ራቅ ባሉት ገጠር ቦታዎች፣ ኢስተርን ሾር በሚሉት በኩል፣ የሚቀበል ሐኪም ፍለጋው ረዥም ነው። የፕሮግራሙ ድረ ገጽ ላይ የሚቀበሉትን በዚፕ ኮድ መፈለግ ይቻላል። ስትደውሉ «ሜዲኬይድ ትቀበላላችሁ?» ብቻ አትበሉ፤ «አሁን አዲስ የሄልዚ ስማይልስ ታካሚ ትቀበላላችሁ?» በሉ። ለመጀመሪያው ጥያቄ አዎ ያለ ክሊኒክ ለሁለተኛው አይደለም ሊል ይችላል።

በዲቪ የመጣችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። ግሪን ካርድ የያዘ አዋቂ በአብዛኛው ሜዲኬይድ ለማግኘት 5 ዓመት መጠበቅ አለበት። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ግን ሜሪላንድ ውስጥ ይህን 5 ዓመት አይጠብቁም። አባትና እናት ስላልተፈቀደላቸው ብቻ «እኛ አይመለከተንም» ብለው የልጆቻቸውን ማመልከቻ ሳያስገቡ የሚቀሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ያሳዝናል፣ ልጆቹ እኮ መብታቸው ነው። ጥገኝነት ያገኛችሁና በስደተኛነት የገባችሁ ደግሞ በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ የሜዲኬይድ ብቁነትን ስለሚያጠብ ሁኔታችሁን ቀድማችሁ አጣሩ።

ኢንሹራንስ ለሌለው

መጀመሪያ የሚታሰበው በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ነው። እነዚህ ጣቢያዎች «መክፈል አትችልም» ብለው ሰው መመለስ አይፈቀድላቸውም፤ ክፍያቸው በገቢና በቤተሰብ ብዛት ይወሰናል። የደመወዝ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ሁሉም ጣቢያዎች የጥርስ ክፍል ስለሌላቸው ግን ደውሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ነዋሪዎቹ የራሱ የጥርስ አገልግሎት አለው።

ሁለተኛው ያ የባልቲሞሩ ኮሌጅ ነው። ተማሪዎች በመምህር ክትትል ያክማሉ፤ ዋጋው ከግል ክሊኒክ ይቀንሳል። ቀጠሮው ይረዝማል፣ ምክንያቱም ተማሪው የሠራውን እያንዳንዱን ደረጃ መምህሩ አይቶ ነው የሚያልፈው። ጊዜ ላለው ሰው ይሄ ጥቅም ነው፤ አንድ ጥርስ በሁለት ሰው ዓይን ይታያል። ኡበር እየነዳ በሰዓት ለሚቆጥር ሰው ግን ይከብዳል።

በሥራ ቦታ ወይ በግል የጥርስ ኢንሹራንስ የገዛችሁ ሰዎች ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው የዓመቱ ጣሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ከኪስ። ሁለተኛው የመጠበቂያ ጊዜ ነው፤ ለክራውንና ለመሰል ሥራዎች ወራት ጠብቁ የሚሉ አሉ። ጥርስ ታጥቦ የመመርመሩ ነገር ግን በአብዛኛው ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል። ከፍላችሁበታል፣ ተጠቀሙበት።

«አዲስ አበባ ስሄድ አሠራዋለሁ» የሚለውም አለ። ለሚጠብቅ ሥራ፣ ለምሳሌ ለጎደለ ጥርስ ምትክ፣ ሰው ዋጋ አወዳድሮ ቢወስን የራሱ ጉዳይ ነው። ለሚያመረቅዝ ጥርስ ግን በጋ እስኪመጣ መጠበቅ አይሆንም። ለምን እንደሆነ ቀጥለን እንይ።

ሕመሙ ሲጠፋ ዳነ ማለት ነው?

አይደለም። ጥርስ ከላይ በጣም ጠንካራ ሽፋን አለው፤ ከሥሩ ለስለስ ያለ ክፍል፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ነርቭና ደም ሥር። መቦርቦሩ ላይኛው ሽፋን ላይ እያለ አያምም። ወደ ውስጥ ሲገባ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ይነዝረዋል። ነርቩ ጋ ሲደርስ ሌሊት አያስተኛም። ከዚያ አንድ ቀን ሕመሙ ጥፍት ይላል። ሰውየው «ተመስገን» ብሎ ይረሳዋል፤ የሆነው ግን ነርቩ መሞቱ ሊሆን ይችላል። ጀርሙ እዚያው አለ፣ በሥሩ ጫፍ ወደ አጥንት ይወርድና መግል ይቋጥራል።

መግሉ መውጫ ይፈልጋል። ዕድል ካለ ድድ ላይ እንደ ብጉር ሆኖ ይፈሳል። ካልሆነ ወደ ፊት፣ ወደ አንገት ሊሄድ ይችላል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ በደም ወይም በአጥንት በኩል እንደ ዲያሞንቴ አንጎል ይደርሳል።

ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይህን አያድነውም፤ ያበርደዋል። ምንጩ የጥርሱ ሆድ ውስጥ ስለሆነ፣ ጥርሱ እስካልታከመ ወይ እስካልተነቀለ ይመለሳል። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ አሞክሲሲሊን ከጓደኛ ተቀብሎ ሦስት ቀን ውጦ መተው ደግሞ ከምንም በላይ ጉዳት ነው። የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍልም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ማስታገሻና ፀረ ተሕዋስያን ጽፎ «ጥርስ ሐኪም ጋ ሂድ» ነው የሚላችሁ፤ እዚያ ጥርስ የሚሞላ ሰው የለም። ሂሳቡ ግን ይመጣል።

ድንገተኛ መሄድ ያለባችሁ፣ 911ም መደወል ያለባችሁ ጊዜ አለ። እብጠቱ ወደ ዓይን ወይ ወደ አንገት ከሄደ፣ ትኩሳት ካለው፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይ መተንፈስ ካስቸገረ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ከግራ መጋባት ጋር ከመጣ፣ «ነገ ይሻለኛል» የለም።

የወተት ጥርስ ነው ይወድቃል?

ፊት ያሉት አዎ፣ በ6 እና በ7 ዓመት ይወድቃሉ። ኋላ ያሉት የወተት መንጋጋዎች ግን እስከ 10፣ እስከ 12 ዓመት ይቆያሉ። በ4 ዓመቱ የበሰበሰ ጥርስ ያለው ልጅ ስድስት ዓመት ከሕመም ጋር ይኑር ማለት ነው? በዚያ ላይ ከሥሩ ለሚመጣው ቋሚ ጥርስ ቦታ የሚጠብቀው እሱ ነው።

የሚመከረው ልጅ አንድ ዓመት ሳይሞላው ጥርስ ሐኪም እንዲያየው ነው። ጥርስ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ የጥርስ ሳሙና፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል፤ ከ3 ዓመት በኋላ የአተር ፍሬ የምታህል። ጡጦ አፉ ውስጥ አድርጎ ማስተኛት የፊት ጥርሶቹን ይጨርሳቸዋል፤ ጁስ ከሆነማ አትጠይቁ። ለአዋቂም የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የምልልሱ ነገር ወሳኝ ነው። አንድ ስኒ ስኳር ያለው ሻይ ጠጥቶ መጨረስና ያንኑ ሻይ ከጠዋት እስከ ማታ እየተጎነጩ መዋል አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ጥርሱን ቀኑን ሙሉ አሲድ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱም በስኳር ከሆነ ከበረካው በኋላ አፋችሁን በውኃ ተጉመጥመጡ።

የቧንቧው ውኃና የስምጥ ሸለቆ ልጆች

ሜሪላንድ ውስጥ አብዛኛው የቧንቧ ውኃ ፍሎራይድ ይጨመርበታል። የሚመከረው መጠን በሊትር 0.7 ሚሊግራም ነው። አሜሪካ ይህን የጀመረችው በ1945 ግራንድ ራፒድስ በተባለችው የሚሺጋን ከተማ ነው። ሰሞኑን ክርክሩ እንደገና ተነስቷል፤ በ2025 ዩታና ፍሎሪዳ አግደውታል። ክርክሩ ውስጥ በብዛት የሚጠቀሰው በ2024 የወጣ የፌዴራል ግምገማ ከልጆች የአእምሮ ዕድገት ጋር ግንኙነት አለው ያለው በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ስላለው ውኃ ነው፤ ስለ 0.7ቱ እንዲህ ብሎ አልደመደመም። ቲክቶክ ላይ ይህ ልዩነት ሲነገር ብዙም አይሰማም።

ለእኛ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይና ሌሎች የስምጥ ሸለቆ ቦታዎች ያደገ ሰው ፍሎራይድ ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ በራሱ ጥርስ ያውቀዋል። እዚያ በአንዳንድ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊግራም ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጥርስ ከድድ ሥር ሲሠራ ስለሚነካው ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ሲበረታም አጥንት ይጎዳል። ይህ ቀለም ያለመፋቅ ውጤት አይደለም፣ ከመቦርቦርም ጋር አንድ አይደለም። አሜሪካዊ ሐኪም ግን አዘውትሮ ላያየው ስለሚችል የት እንዳደጋችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ለመሙላት ከመቸኮሉ በፊት በደንብ ያጣራል፤ እናንተም በጥርሳችሁ አፍራችሁ ከሐኪም የምትሸሹበት ምክንያት የለም።

ስለ መፋቂያም ይጠየቃል። በደንብ ከተጠቀሙበት ቆሻሻውን ያነሳል፣ አትጣሉት። የጎደለው ፍሎራይድ ስለሆነ ቢያንስ ማታ ከመተኛት በፊት በጥርስ ሳሙና መቦረሽ ነው። ኢስተርን ሾርም ሆነ ሌላ ቦታ የጉድጓድ ውኃ የምትጠጡ ከሆነ ደግሞ ምናልባት ፍሎራይድ ላይኖረው ስለሚችል ለልጆቻችሁ ሐኪም ተናገሩ።

በመጨረሻ፣ ቋንቋ። በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ክሊኒክ፣ ሜዲኬይድ የሚቀበለውን ጨምሮ፣ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የ10 ዓመት ልጃችሁን «ለዶክተሩ ንገሪልኝ» ብላችሁ አታስጨንቋት። ቀጠሮ ስትይዙ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ብላችሁ አስመዝግቡ፤ ብዙ ጊዜ በስልክ ይገናኛል። እናትና አባታችሁ እንግሊዝኛ ካልቻሉ ይህን ስልክ እናንተ ደውሉላቸው።